መንገድ ላይ ነው

ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. አርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የቡታጅራ ገበያ ገና አልተፈታም ነበር። ሃሊማ ከገበያ ስትመለስ ሁለት ሰዎች የድንኳን እንጨት ተሸክመው በግቢዋ በር ሲገቡ አየች።

«ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው እንጨቱን ከትከሻው አወረደና መሬት መሬት እያየ፣ «ሸረፋ ይንገርሽ» አላት።

ሸረፋ የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ከስልክ ቤት መመለሱ ነበር፤ ነጭ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይጨብጠዋል። ባሏ ሙስተፋ ጎሬ ካለው ሱቁ ወደ ቤቱ ለመምጣት ረቡዕ ጠዋት አውሮፕላን ተሳፍሯል። አውሮፕላኑ ከጎሬ ተነሥቷል፤ ጅማ ግን አልደረሰም። የጎሬው ሸሪኩ በስልክ፣ «እኔው ነኝ የሸኘሁት፣ ደረጃውን ሲወጣ አይቼዋለሁ» ብሏል። ከዚህ ሌላ ሸረፋም የሚያውቀው የለም።

ሃሊማ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አማቷ ከድጄ ከቤት ወጡ። ካስማ ሊመታ ያጎነበሰውን ሰውዬ መዶሻውን ከእጁ ወሰዱበት።

«ማን ሞተ አሏችሁ?»

«እማ…» አለ ሸረፋ።

«አልደረሰም ነው የተባለው። ያልደረሰ ሰው መንገድ ላይ ነው። እንጨታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።» ከዚያ ወደ ሃሊማ ዞሩ። «አንቺም አፍሽን ግጠሚ። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው።»

ሃሊማ አፏን ገጠመች። ድንኳን የሌለው፣ እንባ የሌለው፣ ግን እንግዳ የማያጣ ለቅሶ በዚያ ቀን ተጀመረ።

መቸገሩ ከበሩ ይጀምራል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ደፉ ላይ ቆሞ ምን ብሎ እንደሚገባ ይጨነቃል። «አላህ ያጽናችሁ» ቢል ከድጄ ይቆጣሉ፤ «እንኳን ደስ አላችሁ» አይባል ነገር። አንዳንዱ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ይቀመጥና ከዚያ በኋላ አፉን ይዘጋል። ጎረቤታቸው ብርቄ፣ የመጋዘን ጠባቂው ሚስት፣ ፊቷን አጥቁራ መጥታ ከድጄን ስታይ ደነገጠችና፣ «እግዜር በሰላም ያምጣው፣ ለመንገደኛችሁ ጎመን ክትፎ ይዤ መጣሁ» አለች። ከድጄ ሰሐኑን ተቀብለው መረቋት። ከዚያ ወዲያ ሌላውም ሰው ቃሉን ከብርቄ ተማረ።

ለሃሊማ ግን ከሁሉም የከፋው ቅቤው ነበር። ከድጄ በየማለዳው መደብ ላይ ተቀምጠው እሷን እግራቸው ሥር ያስቀምጧትና ራሷን ለጋ ቅቤ ይቀቧታል። «ባሏ መንገድ ላይ ያለ ሴት ፀጉሯ አይንጨባረርም» ይላሉ። ቅቤው በፀሐይ ሲቀልጥ በግንባሯና በአንገቷ ይወርዳል። ሴቶቹ እያዩ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሐዘንተኛ ናት እንዳይሉ ተቀብታለች፤ ደስተኛ ናት እንዳይሉ ፊቷ አለ። ሃሊማ አንገቷን ባበሰች ቁጥር እጇ የሙሽራ እጅ ይሸታታል።

ወንዶቹ በረንዳው ላይ ጅባ ተነጥፎላቸው ስለ አውሮፕላን ያወራሉ። ከተማው በሙሉ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም። የጭነት መኪና ሾፌሩ ደበሌ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አያውቅም።

«እኔ የምለው፣ መኪና ቢበላሽብህ ወርደህ ትገፋዋለህ። አውሮፕላን ቢበላሽብህ ወርደህ ምን ትገፋለህ? ደመና?»

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን እይ እንጂ» አለው አንዱ።

«አየሁት። ሙስተፋ ቢኖር እሱ ነበር ቀድሞ የሚስቀው።» ወዲያው ምላሱን ነከሰ። «ቢኖር ማለቴ… እዚህ ቢኖር።»

ከጎንደር መጥቶ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መምህር አስረስ ራዲዮ አለው። ዜና በተነገረ ቁጥር እየሮጠ ይመጣል። «በመኪና ከሚያልቀው ሰው በአውሮፕላን የሚያልቀው እጅግ ያንሳል፤ የተጠና ነገር ነው» አለ፣ ለማጽናናት ብሎ።

«ለማን ነው የሚያንሰው፣ መምህር?» አለ ሸረፋ። አስረስ ነገሩን ለወጠና፣ «ምናልባት ተጠልፎ እንደሆነስ?» አለ። «ጠላፊ ሱዳን ይወስደዋል፤ የመን ይወስደዋል። ጊዜው የጠለፋ ነው።»

ይህን ከድጄ ከውስጥ ሰሙት። ማታውኑ ለሴቶቹ፣ «ሙስተፋን ሱዳን ወስደውታል» ብለው ነገሯቸው። በማግስቱ ደግሞ፣ «ዐረብኛ ስለሚችል እዚያ አይቸገርም» አሉ። ሙስተፋ የሚችለው ዐረብኛ የሶላቱን ያህል ነበር። ማንም ግን አላረማቸውም።

ሃሊማ ሳቁን ታስታውሳለች። ሲስቅ ጆሮው ይቀላ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በሮ የመጣ ዕለት እራት እየበላ፣ ከቡና ጆንያ ጋር እንዴት እንደተጫነ ሲነግራት ቆጮው ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነበር። «አጠገቤ አንድ ቄስ ተቀምጠዋል። አውሮፕላኑ አንዴ ዝቅ ሲል እሳቸው በስመ አብ አሉ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩ። እጅ ለእጅ ተያይዘናል። ጅማ ወርደን ስንለያይ ቄሱ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ልጄ፣ ከመካከላችን አንዳችን ልክ ሳንሆን አልቀረንም።›»

ያን ዕለት እሷም ከእሱ ጋር ስቃለች። ሲተኙ ግን መዳፉን በእጇ ስትይዘው በላብ ርሶ አገኘችው። ከዚያ በኋላም በአውሮፕላን በሚሄድበት ዋዜማ ሁሉ መዳፉ እንደዚያ ይርስ ነበር፤ እሱ አይናገርም፣ እሷም አትጠይቅም።

እሑድ ጠዋት ቆሼ ከተማ ያሉት ዘመዶች መጡ።

ጥፋቱ የሸረፋ ነበር። አርብ ዕለት ከስልክ ቤት እንደወጣ፣ ራሱን ስቶ፣ በገበያው ያገኛቸውን የቆሼ ነጋዴዎች «ለአክስቴ መርዶ ንገሩልኝ» ብሎ ልኳቸዋል። ከእናቱ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ነው። የተላከ መርዶ ደግሞ አይመለስም። የሟች አባቱ እኅት ሽፋ ዘመዱን ሁሉ አስከትላ፣ በደበሌ መኪና፣ በበርበሬ ጆንያ ላይ ተጭና መጣች። ከመኪናው ሲወርዱ በርበሬው ዓይናቸውን አቅልቶታል፤ ግማሾቹ ያስነጥሳሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ወይ ሙስተፋ! ወይ ሙስተፌ!» እያሉ በሩ ላይ ደረሱ።

ከድጄ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ዘጉት።

«ማን ሞተባችሁ?»

ሽፋ ቆመች፤ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ። «እንዴ ከድጄ! ምን ትያለሽ?»

«ልጄ መንገድ ላይ ነው። እንግድነት ከመጣችሁ ግቡ። ለቅሶ ከመጣችሁ የሞተ የለንም።»

ከኋላ አንዲት ሴት አስነጠሰች። ሽፋ ከድጄን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ከልጅነት ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ከዚያ ሽፋ ቀስ ብላ፣ «እሺ» አለች። «እሺ እኅቴ። ወንድሜ አሚኑስ? እሱ ሞቷል አይደል? አንቺው ነሽ ያስቀበርሽው።»

ከድጄ የዘረጉትን እጃቸውን አወረዱ።

«እንግዲያው አሚኑን ነው የማለቅሰው» አለችና ሽፋ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ወይ አሚኑ! ወይ ወንድሜ!»

የቆሼዎቹ ተቀበሏት። ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ያለፈው አሚኑ፣ የሙስተፋ አባት፣ እንደ ዛሬ ሬሳ ተለቀሰ። የቡታጅራዎቹም አንድ በአንድ ተነሥተው ገቡበት። ደበሌ እንኳ መሪውን ተደግፎ አለቀሰ። ለማን እንደሚያለቅሱ ሁሉም ያውቃሉ፤ ከአፋቸው የሚወጣው ስም ግን የአሚኑ ነው። ከድጄ ለባላቸው የሚለቀሰውን ለቅሶ ሊከለክሉ አልቻሉም።

ሃሊማ እንሰቱ አጠገብ ቆማ ነበር። አሁን ማልቀስ ትችላለች፤ አማቷን የማያስቆጣ ስም ተገኝቷል። አፏን ከፈተች። ከድጄ በሰው መካከል ዓይናቸውን ተከሉባት። ያ ዐይን ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። ሃሊማ ልመናው የምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ከሁለቱ ሴቶች በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። የከፈተችውን አፏን ዘጋች።

ባለፈው ክረምት ነው። ሙስተፋ መብረሩን ትቶ የተጫነበት የጭነት መኪና በጭቃው የጎሬ መንገድ ተገልብጦ ሁለት ሰው ሞተ። እሱ ትከሻው ተሰብሮ መጣ። ወጌሻው ሲያሸው ድምፁን ዋጠ እንጂ አልጮኸም፤ ከድጄ ናቸው የጮኹት። ሊሄድ በተነሣ ማለዳ በሩ ላይ ቆመው የቀሚሳቸውን ደረት ከፈቱ፤ «ያጠባሁህ ጡት ሐራም ይሁንብህ ዳግመኛ መኪና ላይ ብትወጣ! በአውሮፕላን ሂድ። ማልልኝ» አሉት። ሙስተፋ ሃሊማን አየ። መዳፉን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ማለ።

ሃሊማ ያን ጊዜ ስለ መዳፉ አንድ ቃል መናገር ትችል ነበር። በእናትና ባጠባችው ልጅ መካከል ግን ምራት አትገባም።

የቆሼዎቹ ሁለት ቀን ሰንብተው ሄዱ። ሸህ ሰይዶ ከመስጊድ መጥተው ከሸረፋ ጋር በረንዳ ላይ ሲነጋገሩ ሃሊማ በግድግዳው በኩል ሰማቻቸው።

«ሸህ፣ እሷስ እንግዲህ ምንድን ናት?» አለ ሸረፋ።

«ሞቱ እስካልታወቀ ሚስት ናት። ባል የሞተባት ሴት የምትቆጥረውን ዒዳ አትቆጥርም።»

«እስከ መቼ?»

«አራት ዓመት ትጠብቅ ያሉ ዑለማዎች አሉ። ከዚያም በላይ ያሉ አሉ።» ሸሁ ተነፈሱ። «እኔ ምን ልበልህ፣ ልጄ። ኪታቡን ሳነብ እንዲህ ያለ ነገር በኛ ቤት ይደርሳል ብዬ አላነበብኩትም።»

በሌላው ሳምንት ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ፣ መምህር አስረስ መጣ። የዚያን ቀን አልሮጠም። ጫማውን በሩ ላይ ሲያወልቅ ክሩ እምቢ አለው፤ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከድጄ መደባቸው ላይ፣ ሃሊማ እግራቸው ሥር፣ ሸረፋም አጠገባቸው ነበሩ።

«ራዲዮው…» አለ አስረስ። «ፍለጋው ቆሟል አሉ። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከላይ ምንም አይታይም ብለዋል። የሚፈልጉት አውሮፕላኖችም ተመልሰዋል።»

«ሱዳንስ?» አሉ ከድጄ።

«ሱዳን አልሄደም፣ እማማ።»

ሸረፋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አስረስ የሚቀመጥበት ጠፍቶት ቆሞ ቀረ። ከድጄ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ «መኪናው ይሻለው ነበር» አሉ።

ሃሊማ ቀና አለች። እነዚያን ቀናት ሁሉ ስታመነዥከው የነበረው ይኸው ቃል ነው። አሁን ከሌላ አፍ ወጣ። «አዎን» ብትል ይበቃ ነበር።

«እማ» አለች፣ «መኪናውም ተገልብጦ ነበር እኮ።»

ከድጄ ከመደቡ ወረዱ። ምራታቸው ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ አነሡና የሃሊማን ጉንጭ ጠረጉላት፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያም ከዓይኗ ሥር። ጉንጯ ደረቅ ነበር፤ የሚጠረግ እንባ አልነበረበትም። እሳቸው ግን እንዳለ አድርገው ደጋግመው ጠረጉት።

ያን ጊዜ ሃሊማ አለቀሰች።

አውሮፕላኑ አልተገኘም። ከድጄ በ፲፱፻፷፬ ክረምት ሞቱ፤ ገላቸውን ያጠበችው ሃሊማ ናት።