«ቢሊሳ» ያለው አስተማሪ

አስተማሪ እንየው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ቤታችን ሲመጣ አየሁት። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት ወደ ከተማችን ወደ ከሚሴ የተላከ ጎጃሜ ነው። የልጅ ልጄ ሙሚና በሱ ተምራ የስምንተኛን ፈተና አለፈች። አሁን ደሴ ወስዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሊያስመዘግባት ነው፤ ምዝገባው ነገ ያበቃል፣ የደሴው አውቶቡስም ከመንገዱ ማዶ ሞተሩን አስነስቷል።

ልጄ ጀይሉ በሩ ላይ ቆሟል። ወንድሙ፣ የሙሚና አባት፣ ከሞተ ወዲህ ያለ ጀይሉ ፈቃድ የትም አትሄድም።

«የሚከፈለውስ ከየት ይመጣል?» አለው።

እንየው ያከበረን መስሎት ያጠራቀማትን ኦሮምኛ አወጣ። «ኢሼን ቢሊሳ ባቲ።»

ነጻ ትወጣለች ማለቱ ነው። የጀይሉ ፊት ጠቆረ።

«ከማን ነው ነጻ የምትወጣው? እኛ ቤት ማን ታስሯል?» ወደኔ ዞረ። «ሰማሽ እማ? ዓመቱን ሙሉ ያስተማራት ይሄንን ነው። ባዘዝኳት ቁጥር ለምን ትለኛለች።»

እኔም ፈራሁ። የደሴ ብርድ፣ የደሴ ጎረምሳ አንሶኝ፣ ጭራሽ ከኛ ሊያላቅቃት ነው? እንየው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ላብ አጠመቀው። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

ሙሚና ከመጋረጃው ጀርባ እኔን አያቷን «አኮ፣ ቶላ ማለቱ እኮ ነው» አለችኝ። «ያለ ክፍያ። ቃሉ ጠፍቶት ነው።»

ጀይሉ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልሆነለትም። «በል አንተ፣ በአማርኛህ ተናገር። በኦሮምኛህስ ልታጋድለን ነበር።»

እኔን ግን ሳቁ አላረጋጋኝም። «ልጄ፣» አልኩት እንየውን፣ «እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ። የኛ አስተማሪ ያስጮኸን ነበር እንጂ አንድ ቀን ገባችሁ ወይ አላለንም። የደሴዎቹ እንዳንተ ናቸው?»

አቀረቀረ። «አልዋሽዎትም እናቴ፣ ሁሉም አይደሉም። የማያስረዳ ቢገጥማት ለምን እያለች እንዲያስረዳ ታስገድደዋለች።»

አዎ ብሎ ቢዋሸኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር፤ እውነቱን ስለነገረኝ አመንኩት። ጉፍታዬን አንስቼ ራሴ ላይ ጣል አደረግሁ።

«የት ነው?» አለ ጀይሉ።

«ደሴ። ብቻዋን ከወንድ ጋር አትሄድም። ክፍሉንም አየዋለሁ፣ አስተማሪዎቹንም።»

«ስንተኛ ክፍል ልትገቢ ነው አንቺ ደግሞ?» አለና ጫማውን አጠለቀ። «ለምን እኔ አልወስዳትም?»

«ይኸው፣» አልኩት፣ «አንተም ለምን ማለት ጀመርክ። በል ቅደም፣ አውቶቡሱን አስቁምልን።»