የተመለሰው እዝን

«እዝን የለም እንዴ በዚህ ቤት?» አለ ዋሴ።

የጠየቀው በለሆሳስ ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ አንገቱን ደፍቶ። የጸሐይነሽ ጀርባ ግን ቀዘቀዘ። እናቷ ወለተ ገብርኤል በተስቦ ሞታ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ዋሴ ሁለቱንም ቀን ከግቢው በር አጠገብ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ አልተነሳም። ገቢውን ያያል፣ ወጪውን ያያል። በተለይ እጅ እጁን ያያል።

«ሰው ምን አለውና ያመጣል ጓድ ዋሴ?» አለች። «ዘመኑን እርስዎም ያውቁታል።»

«እሱስ አውቃለሁ። ጎረቤት ንፍሮ እንኳ ቀቅሎ አለማምጣቱ ገርሞኝ ነው። እናትሽ ሰው የሚወዳት ሴት ነበረች።» ኮፍያውን አገላበጠው። «ለነገሩ ነገ ሣልስቷ ነው። ነገ ይመጣ ይሆናል። እዚሁ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላው ወደ ውስጥ ገባች።

ይኼ ሰው ከሌላ አገር የመጣ ካድሬ ቢሆን ኖሮ ጎታ ያስገለብጥ፣ ወለል በሳንጃ ያስወጋ ነበር። ባለፈው ወር የመጡት እንደዚያ አድርገው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ዋሴ ግን የሰቆጣ ልጅ ነው፤ በዚህችው በወለተ ገብርኤል እጅ ጭምር በልቶ ያደገ። የአገሩን ሴት ያውቃታል። ሴት እህሏን ከመንግሥት ትደብቃለች፤ ሲብስባት ከባሏም ትደብቃለች፤ ከለቅሶ ቤት ግን አትደብቅም። ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ እንጂ ለሐዘንተኛ የሚቀመስ ሳትይዝ አትመጣም። እና ፍተሻውን ትቶ ሬሳ ከወጣበት ደጅ ላይ ተቀመጠ። ብልህ ነው የሚሉት አሉ። እኔ እርጉም ነው እላለሁ።

ውስጥ፣ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሊባኖስ ጥግ ይዘው ዳዊት ይደግማሉ። ከወዲህ ሐሊሜ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሐሊሜ ገበያው ዳር ጨው የምትሸጥ ነጋዴ ናት። እሷ እስላም፣ ወለተ ገብርኤል ክርስቲያን፤ ሆኖም ሠላሳ ዓመት አንድ አጥር ተጋርተው፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ አዝላ የኖሩ ናቸው። ጸሐይነሽ አጠገቧ ስትቀመጥ ሐሊሜ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ምን አለሽ?»

«የእዝን ነገር ጠየቀኝ።»

ሐሊሜ ዓይኗን ጨፈነች። «አወቀ በያ።»

«ነገ ቁጭ ብዬ አያለሁ ነው ያለኝ፣ እትዬ ሐሊሜ። እንዳይመጡ ይንገሯቸው።»

«ማንን ልንገር? እኔ የማውቀው አንቺንና ከፊቴ ያለችዋን ብቻ ነው። እሷንም ዛሬ ጠዋት ለምኛታለሁ። ‹አንዲት የእኔን ቂጣ ማን ያያታል? በነጠላዬ ሥር ይዣት እገባለሁ። ወለተ ገብርኤልንማ ባዶ እጄን አላለቅሳትም› አለችኝ።»

«ሁሉም እንዲያ ካሉስ?»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት፣ ልጄ። እያንዳንዷ እኔ ብቻ ነኝ ብላ ነው የምትመጣው።»

ጸሐይነሽ እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ «ደንግጣ ነው» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነው። ፍርሃቱ ለሐዘኑ ማለፊያ ነሳው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነው፤ በዚያው ዝናብ በጠፋበት በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት። ከደሃናም ከአበርገሌም ሰው ቀዬውን ለቆ ወደ ከተማ ይጎርፍ ነበር። መንግሥት የእርዳታ ስንዴ ያድላል፤ ለስንዴው የተሰለፈውን ደግሞ እያፈሰ በመኪና ጭኖ ለሰፈራ ይልካል። አንድ ቀን ወለተ ገብርኤል በሰልፉ በኩል ስታልፍ ገብረ አምላክ የሚባል የደሃና ገበሬ ስንዴውን በአቁማዳ ተቀብሎ ዞር ሲል፣ ሁለት ወታደሮች ክንዱን ይዘው መኪና ላይ ሲሰቅሉት አየች። ሰውዬው «ሚስቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፣ እስክትመጣ ጠብቁኝ» ይላል። ማን ሊሰማው? ሚስትየዋ ቅሏን ሞልታ ስትመለስ መኪናውም የለ፣ ባልም የለ። እዚያው ቆማ የሰውየውን ስም ትጠራ ጀመር። ወለተ ገብርኤል እጇን ይዛ ወደ ቤቷ አመጣቻት።

ያን ቀን ማታ ለልጇ እንዲህ አለቻት፦ «ሰው ለስንዴው ባይሰለፍ ኖሮ አይጫንም ነበር።»

«ምን ይብላ ታዲያ?»

«እሱን ነው የማስበው።»

ያሰበችው ነገር ለወሬ እንኳ የሚበቃ አይመስልም። እያንዳንዷ ሴት ያላትን ከመፍጨቷ በፊት አንድ እፍኝ ከላዩ አንስታ ታስቀምጥ አለች። አንድ እፍኝ ብቻ። ባል አያውቀውም፣ ልጅ አይጎዳም። እፍኙ በየሳምንቱ በእንስራ ይገባና ምንጭ ሊወርድ ነው ተብሎ ይወጣል። ምንጩ ጋ አንዷ እንስራዋን አስቀምጣ የሌላዋን ታነሳለች፤ ያቺ ደግሞ ለቀጣይዋ ታደርሳለች፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ከገደሉ ሥር ካሉት ዋሻዎች ይደርሳል። ዋሻው ውስጥ ከሰልፉ የሸሹ ቤተሰቦች ነበሩ። በአንዲት ሴት እፍኝ ሰው አይድንም። በእነዚህ ሴቶች እፍኝ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ወር ቆየ።

እያንዳንዷ የምታውቀው ከፊቷና ከኋላዋ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ነው። ሙሉውን የምታውቅ ወለተ ገብርኤል ብቻ ነበረች። ሴቶቹ «ሰብሳቢያችን ሁኚን» ሲሏት «ራስ ያለው ነገር አንገት አለው፤ አንገት ካለው ይያዛል» ብላ እምቢ አለቻቸው። ታምማ ስትወድቅ ጸሐይነሽ እንስራውን ተቀበለች፤ ከአስማረ ሚስት ተቀብላ ለሐሊሜ ማድረስ ሆነ ሥራዋ።

«ስንት ናቸው፣ እማዬ?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ቀን፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገችላት።

«ምን ያደርግልሻል? ያላወቅሽውን ቢገርፉሽም አትናገሪውም።»

ይኸው ታዲያ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ዛሬ ተመልሶ ጉድ አደረጋቸው። የሚያውቃቸው ሰው ሞቷል፤ ሊያስጠነቅቃቸው የሚችል የለም። ሐዘንተኛ ደግሞ እስከ ሣልስት ከደጁ አይወጣም፤ ጸሐይነሽ ወጥታ የአስማረን ሚስት እንኳ ላስጠንቅቅ ብትል ዋሴ መደቡ ላይ ነው። «እህል ደብቃ የተገኘች ከወንበዴ ትቆጠራለች» ተብሎ በጥሩምባ ከተነገረ ሰንብቷል። በጥቅምት አንዲት ሴት ለግማሽ ቁና ገብስ ተወስዳ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ልጆቿ አሁንም ከእስር ቤቱ ፊት ለፊት ይውላሉ።

በሣልስቱ ዋሴ ከአባ ገብረ ሊባኖስ እኩል ደረሰ። ሁለት ታጣቂ አስከትሏል። ታጣቂዎቹን ከአጥሩ ጥግ አስቀምጦ እሱ ወደ መደቡ ሄደ።

«ነፍስ ይማር» አለ።

«አሜን፣ ያኑርልን» አለች ጸሐይነሽ።

ፀሐይ ከፍ ስትል የመጀመሪያዎቹ ለቅሶ ደራሾች መጡ። ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ባዶ እጃቸውን። ዋሴ ቀና ብሎም አላያቸው። ጸሐይነሽ ከበሩ አልራቀችም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷም ዓይኗን ከገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ ተክላ ቆመች።

መጡም። መጀመሪያ የአስማረ ሚስት፣ ከኋላዋ ሁለት፣ ከእነሱም ኋላ አራት፣ አምስት። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ነጠላ በነጠላ ሆነ። እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ ብዙዎቹ ለምን አብረው እንደሚሄዱም አያውቁም። ግን ሁሉም ግራ ክንዳቸውን ከሆዳቸው አጣብቀው ነበር የሚሄዱት። ጸሐይነሽ ቆጠረች። ሃያ ስትደርስ ተወችው። ከመካከላቸው እናቷን በአደባባይ የሰደበች ሴት አለች፤ የቀበሌው ዘበኛ ሚስት አለች፤ ልመና የምትውል አሮጊት እንኳ አለች። እማዬ፣ እነዚህ ሁሉ ያንቺ ነበሩ? አለች በልቧ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም ነበር።

ዋሴ ኮፍያውን አደረገ። «ይኸው መጡ» አለ። ለታጣቂዎቹም ቅንድቡን አነሳ።

ጸሐይነሽ ምን እንደምታደርግ እስኪነጋ ስታስብ አድራለች፤ አሁን ግን ማድረጉ ከበዳት። በዚህ አገር ሰው ይሰረቃል፣ ሰው ይገደላል፤ እዝን ግን አይመለስም። እዝን የመለሰ ሰው በሞቱ ቀን የሚሸከመው አያገኝም ይላሉ። ደግሞ ብትዘገይ ሴቶቹ በሩ ጋ ሊደርሱ ነው። ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሠረችና ከበሩ ወጥታ ወደ መንገዱ ወረደች።

«ወዴት ነው የምትመጡት?» ስትል ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

የአስማረ ሚስት ቆመች። ከኋላዋ ያሉትም ቆሙ።

«እናቴ ስትታመም አንዳችሁ ውኃ አላቀበላችኋትም። ተስቦ ነው ብላችሁ ሸሻችኋት። አሁን ስትሞት ባዶ እጃችሁን ልታለቅሱብኝ መጣችሁ? እዝን እንኳ ሳትይዙ? እፍረት የላችሁም?»

«ጸሐይነሽ» አለች የአስማረ ሚስት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አትጥሪኝ። እናቴን የገደላችኋት እናንተ ናችሁ። ባዶ እጁን የመጣ ሁሉ ከደጄ ይመለስልኝ።»

ከውስጥ አባ ገብረ ሊባኖስ «ልጄ፣ ልጄ፣ ተይ» እያሉ ወጡ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ዋሴ ከመደቡ ተነስቶ ሁለት እርምጃ ቀረበ፤ እውነት ይሁን ጨዋታ ገና አልለየለትም።

የሚያስፈራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአስማረ ሚስት ኩሩ ሴት ናት። ልጆቿን ከልክላ ያመጣችውን ቂጣ በክንዷ ሥር ይዛ «ባዶ እጅሽን መጣሽ» መባልን እንዴት ትቻለው? «እኔ ነኝ ባዶ እጄን የመጣሁት? እኔ?» አለችና ቀኝ እጇን ወደ ነጠላዋ ውስጥ ሰደደች። ጸሐይነሽ አየቻት። ዋሴም አንገቱን አሰገገ።

በዚህ ጊዜ ሐሊሜ ሮጣ ከቤት ወጣች። እንዲያ ስትሮጥ ማንም አይቷት አያውቅም፤ ከባድ ሴት ናት። የአስማረን ሚስት በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ወደ ኋላ መለሰቻትና ከጸሐይነሽ ፊት ቆመች። ለአንድ አፍታ ዓይን ለዓይን ተያዩ። የሐሊሜ ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በጥፊ መታቻት።

«ባለጌ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እናትሽ ይህን አላስተማረችሽም። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ደጅሽን አልረግጥም። ኑ፣ እንሂድ፣ እዚህ የሚለቀስ የለም።» ሌላኛውን እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የአስማረን ሚስት ክንድ ከነቂጣው ጨብጣ ያዘችው።

ሴቶቹ እንደ ቆሙ ቀሩ። ቀድማ የገባት የዘበኛው ሚስት ትመስለኛለች፤ ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ፊቷን ወደ ገበያው አዞረች። ቀጥላ አሮጊቷ ዞረች። ከዚያ ሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ ግራ ክንዳቸውን ከሆዳቸው እንዳጣበቁ ዳገቱን ተያያዙት።

ታጣቂዎቹ ዋሴን አዩት። ዋሴ ዳገቱን የያዙትን ሴቶች አየ። የአገሩን ባህል ያውቃል ብዬ ነበር፤ እዝን ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጅህን ነህ ብሎ የሚያባርር ሐዘንተኛ ግን በአገሩ ታይቶ ስለማይታወቅ ይዘዋል ብሎ ማሰብ አልቻለም። «ተዉአቸው» አለ ለታጣቂዎቹ፣ እየተናደደ።

ይኼን ሁሉ ጊዜ የሐሊሜ መዳፍ ከጸሐይነሽ ጉንጭ ላይ አልተነሳም። ከመታ በኋላ እዚያው ቀርቷል። ጣቶቿ ከጆሮዋ ሥር፣ አውራ ጣቷ ከዓይኗ ጠርዝ። የዋሴ ዓይን ከሴቶቹና ከታጣቂዎቹ ላይ ስለነበር አላየም። ጸሐይነሽ ጭንቅላቷን ወደዚያ እጅ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አዘነበለች። ሐሊሜ በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ዳበሰቻትና እጇን አንስታ ሳትሰናበት ሄደች።

ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣው። መንገዱ መሐል ተቀምጣ፣ ፀጉሯን ይዛ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ያላለቀሰችውን እናቷን አለቀሰች።

«አይ ሴት» አለ ዋሴ በአጠገቧ ሲያልፍ። «ለአንድ ጥፊ እንዲህ ይለቀሳል?»