የተሸፈነው ጥርስ

ወንድም ጋሼ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሞች ልኩን ይልኩለታል፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ቀርጾ ይመልስላቸዋል። ሰው አፍ ውስጥ እጁን ማስገባት አይፈቀድለትም። እኔ ግን እህቱ ነኝ። አምና መንጋጋዬን ሲያመኝ፣ «ለዚች ጥርስ ደግሞ ምን ሐኪም ያስፈልጋል፣ እታለም?» ብሎ በምሳ ሰዓት ሥራ ቦታው አስቀመጠኝና ነርቩን በቀጭን መርፌ ጠርጎ ሽፋን ገጠመልኝ። ሽፋኑ ከራሴ ጥርስ አይለይም። ሞኟ እኔ፣ ላገኘሁት ሁሉ አፌን እየከፈትኩ አሳይ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ አንገቴን ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ከማጎንበስ ነው ብዬ ትራስ ቀየርኩ። ከአገጬ ሥር እንቁላል የምታህል እብጠት ወጣች፤ ጉንጬ ተነፋ፣ ጆሮዬን ወጋኝ። ወንድም ጋሼ ሥራውን ጥሎ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ይዞኝ ዞረ። አንዱ የጆሮ ጠብታ ሰጠኝ። ሌላው፣ «ጥርስሽንስ?» ብሎ ጠየቀ። ነርቩ የወጣ ጥርስ ምን ይሰማዋል? አያመኝም አልኩ።

«ጥርሷ ደህና ነው፣ ብርድ ይሆናል» አለ ወንድም ጋሼ አጠገቤ ቁጭ ብሎ። ለሰው ሁሉ እንደሱ ያለ ወንድም ይስጠው እያልኩ ስመርቅ ከረምኩ።

ሐሙስ ጠዋት አፌ አልከፈት አለ። ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፣ ትንፋሼ አጠረ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ አንገቴን ዳብሳ ወዲያው ራጅ አስነሣችኝ።

«ሽፋኑ ሥር የመርፌ ስባሪ ቀርቷል» አለች ፎቶውን ወደ እኛ አዙራ። «መግሉ ከዚያ ተነሥቶ አንገትሽ ውስጥ ወርዷል። አሁኑኑ ካልከፈትነው መተንፈሻሽን ይዘጋዋል። ማነው የሠራልሽ?»

መናገር አልቻልኩም። ወንድም ጋሼን አየሁት፤ እሱ ወለሉን ያያል። እኔ እንኳ መርፌ ሲሰበርብኝ ስባሪውን ሳላገኝ ልብሱን ለባለቤቱ አልሰጥም። እያወቀ ነው የሸፈነው። እያወቀ ነው ከሐኪም ሐኪም ያዞረኝ።

«ሰፈር ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ነው፤ አሁን ዘግቶ ሄዷል» አለና እጄን አጥብቆ ያዘ። «አይዞሽ፣ እታለም።»

እዚህ ደርሼ እንኳ ይዋሽብኛል! በሌላው እጄ ከሐኪሟ ኪስ እስክሪብቶ መዝዤ የራጁ ፖስታ ላይ ጻፍኩ።

ሐኪሟ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «እጄን የያዘው።»

ወንድም ጋሼ እጄን ለቀቀ።