ደረት ላይ የቀሩ ስፒሎች

ሐሙስ ጠዋት ኑሪ አሥራ አንደኛውን ደረት አነሳ።

በድንገተኛ ክፍሉ የራጅ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ባጃጅ የገጨው ራስም፣ ሳንቲም የዋጠ ሕፃንም አይቷል። እንዲህ ያለ ሳምንት ግን አላየም። ጤነኛ ሳንባ አየር ስለሆነ በራጅ ሲያዩት ጥቁር ነው። ከሰኞ ወዲህ የመጡት ሁሉም ከሁለቱ ሳንባቸው ግርጌ ነጭ ደመና ነበረባቸው። ሁሉም ወጣቶች ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ ገና አልተመለሰም፤ ስለዚህ በሽታው ስም አልነበረውም።

ስም ባይኖረውም መንገዱ ይታወቅ ነበር። ዶክተር ዲና ካለፈው ዓመት ጀምራ እያንዳንዱን የድንገተኛ ራጅ ከታማሚው ዕድሜና አድራሻ ጋር ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። ኮምፒውተሩ የዘንድሮውን ከአምናው ያስተያያል። ከዚያ በሽታው የት እንደበረታ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ስንት ሰው እንደሚመጣ ይገምታል። «ላቦራቶሪው በሽታው ምን እንደሆነ እስኪነግረን፣ ራጁ ከየት እንደመጣ ይነግረናል» ትል ነበር። አድራሻውን ከታማሚው አፍ ተቀብሎ የሚሞላው ኑሪ ነው። አንድም ቀን ባዶ ትቶት አያውቅም።

«ስምንቱ ከቢዮ አዋሌ ናቸው» አለችው ዲና ያን ዕለት፣ ካርታው ላይ ከከተማው ውጭ፣ ገጠሩ ውስጥ ያለውን ቀይ ነጥብ በእስክሪብቶዋ እየነካች። «በአምስት ቀን ሠላሳ ሰው ይጨመራል ይላል። ሁለቱን መኪና ከነኦክስጅኑ ስምንት ሰዓት ላይ እልካለሁ። እዚህ የሚተርፈን አራት ሲሊንደር ነው።»

ኑሪ ፈራ። ከፍርሃቱ ሥር ግን አንድ የሚያሳፍር እፎይታ ነበረው። ልጁ ሃምዳ ያለችው ከተማ ነው፤ ቢዮ አዋሌ አይደለችም።

አሥራ አንደኛው ተማም የሚባል ጎረምሳ ነበር። ሸሚዙን ለማውለቅ እጁን ማንሳት አቃተው፤ እንደለበሰ አነሱት። ምስሉ ሲወጣ ኮሌታው አጠገብ አራት ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ታዩ። ስፒል ነው። ኑሪ ተናደደ፤ ብረት የገባበት ራጅ ለሠራተኛው ነውር ነው። በሴቶቹም ምስል ላይ አይቷል። እነሱን የሻሽ ስፒል ነው ብሎ አልፏቸዋል።

ወንድ ልጅ ግን ሻሽ አያስርም።

ይህችን ሐሳብ ይዞ ለምሳ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ሃምዳ ብቻ ናቸው። ሃምዳ ታይዋን ገበያ ጀርባ፣ ዩሩብ የምትባል ሴት ስፌት ቤት ውስጥ የተማሪ ሸሚዝ ትሰፋለች። ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ሥራው በርትቷል። ከእሱ ቀድማ ገብታ ቬንትሌተሩ ፊት ተቀምጣለች። ኑሪ ደረቷን አየ። ከአንገቷ ሥር፣ ልብሷ ጠርዝ ላይ፣ ስፒሎች ተደርድረዋል።

«አባ፣ ምን ታፈጥብኛለህ? ሙሽራ መሰልኩህ?»

«ምንድን ነው የሰካሽው?»

«ስፒል ነዋ። ኮሌታ ስንይዝ የት እናድርገው፣ በጥርሳችን?»

«ወንዶቹም እንዲሁ ናቸው?»

«ወንዶቹ ይብሳሉ። ተማም የሚባል አለ፣ ጃርት ነው የምንለው። ሰሞኑን ቀረ እንጂ ብታየው ትስቅ ነበር።»

ኑሪ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ።

«ስንት ሰው ነው የቀረው?»

«አሥር፣ አሥራ አንድ። ዩሩብ ‹ለመውሊድ ቀድመው አገራቸው ገቡ› ብላ ስትሳደብ ነው የምትውለው። እኛንም ነገ ትለቀናለች፤ ግማሹ ገጠር ነው የሚገባው።»

«መስኮት ትከፍታላችሁ?»

«አቦ አባ፣ በዚህ ንፋስ? የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነጩ ሸሚዝ ላይ እንዲያርፍ? አርባ ሰው ታሽገን ነው የምንውለው።» ይህን ብላ ፊቷን አዞረችና ሳለች። ደረቅ፣ ትንሽ ሳል ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ኑሪ አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበርና፣ መልሱን እየፈራ ጠየቃት።

«ሆስፒታል ብትገቢ፣ አድራሻሽን ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

«ቢዮ አዋሌ ነዋ።»

«አንቺ እዚያ አድረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን ወገኖቻችን እዚያ አይደሉ? አያቴም የተቀበረው እዚያ ነው። ሰው ሆስፒታል ሲገባ የወገኑን ቦታ ይናገራል። ብሞት ማን መጥቶ ይውሰደኝ?» አለችና ሳቀች።

እሱም ቢጠየቅ እንደዚያው ይል ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያው ይላል። ልማዱን እያወቀ፣ አሥራ አንድ ጊዜ የሰጡትን ተቀብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ የቆጠረው በሽታው ያለበትን አገር አልነበረም። የሚቀበሩበትን ነበር።

«ተነሺ» አላት። ከኪሱ ማስክ አውጥቶ በእጁ አሰረላት። ለምን ብላ ልትጠይቀው ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

ባጃጃቸው ከሆስፒታሉ በር ሲደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሁለቱ መኪኖች ሞተር አስነስተዋል። ዲና ወረቀት እየፈረመች ነው።

«አስቁሚያቸው» አላት ኑሪ።

«አባ ኑሪ፣ ተጭነው አለቁኮ። ምን ተገኘ?»

«ስፒል።»

ዲና ቀልድ መስሏት ፊቱን አየች። አልነበረም። ሹፌሮቹን በእጇ ምልክት አቆየችና ተከትላው ገባች። ኑሪ ምስሎቹን አንድ በአንድ ከፈተላት። ከአሥራ አንዱ በዘጠኙ ላይ ነጫጭ መስመሮች ነበሩ።

«ይኼ የሻሽ ነው» አለች።

«ይኼኛው ተማም ነው። ሻሹ የታለ?»

ዲና ኑሪን አስከትላ ወደ ተማም አልጋ ሄደች። ልጁ ኦክስጅን ላይ ነው፤ በየቃሉ እየቆረጠ ነው የሚያወራው።

«ቢዮ አዋሌ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሄድክ?» አለው ኑሪ።

«ዓምና... ለአረፋ።»

«የት ነው የምታድረው?»

«ታይዋን ጀርባ... አምስት ሆነን አንድ ክፍል።»

«ሥራስ?»

«ዩሩብ ጋ... ስፌት።» ልጁ ዓይኑን ከፈተና ጨመረ፤ «ለእናቴ አትንገሯት።»

ዲና እየሮጠች ወጣች። ኑሪ በመስኮት አያት፤ ሹፌሮቹን አነጋገረች፣ መኪኖቹም ወደ ታይዋን ዞሩ። ተመልሳ የሌሎቹንም አልጋ ዞረች፤ መናገር ላቃታቸው ዘመዶቻቸውን ጠየቀች። አድራሻዎቹን እየሰረዘች እውነተኛውን አስገባች። ቀዩ ነጥብ ከቢዮ አዋሌ ጠፋ፤ ከሆስፒታሉ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ላይ በራ።

«ሠራተኞቹ ነገ ቢበተኑስ?» አላት።

ያንንም አስገብታ አሳየችው። ካርታው ላይ ሰባት የገጠር ቀበሌ ቀላ። ኑሪ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን መለሰ።

አሥር ሰዓት ላይ ስልክ መጣ። ስፌት ቤቱ ተዘግቷል። ሃያ ስምንቱ ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠዋል፣ እየተመረመሩ ነው። ዩሩብ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆማ «ሸሚዞቼ» ስትል ነበር። የሞቱትን ሁለቱን ስም ሲነግሯት ግን በሩን ራሷ ከፈተች፤ ለመውሊድ የሚሄድ የለም አለች።

ሃያ ዘጠነኛዋ ራጅ ቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ ነበረች።

ኑሪ ስፒሎቿን አንድ በአንድ ነቀለና የብረት ሳህን ላይ ጣላቸው። ስድስት ነበሩ። አንዱ ጣቱን ወጋው። ሰሌዳው ላይ ደረቷን አስደግፎ ወደ መስታወቱ ጀርባ ገባ።

«አየር ሳቢ። ያዢው። አትተንፍሺ።»

ማሽኑ ድምፁን አሰምቶ ዝም አለ።

«አባ፣ ልተንፍስ?»

ትንፋሹን እሱም ይዞ ኖሯል።

ምስሉን አላየም። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ደረት ያየ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ዲናን ጠራ። ዲና ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«በቀኝ በኩል ከግርጌ አለ» አለች በመጨረሻ። «ትንሽ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ ትንሹ። ሌሎቹ የመጡት ከታመሙ በአምስተኛው ቀን ነው። እሷ ገና መሳል መጀመሯ ነው። አልጋ አለ፣ ኦክስጅኑም ከከተማው አልወጣም።»

ትድናለች አላለችውም። ኑሪም አልጠየቀም።

ስሟንና ዕድሜዋን ጻፈ። አድራሻ ከሚለው ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሃምዳ ከኋላው ቆማ ታያለች።

«ቢዮ አዋሌ በል» አለችው ከማስኩ ሥር። አሁን አትስቅም።

ኑሪ የስፌት ቤቱን አድራሻ፣ ከሥሩም የቤታቸውን ቁጥር ጻፈ።

«እዚህ የሚጻፈው የምትኖሪበት ነው» አላት።