ፋና ያዘነበችው ዝናብ

«የድራማ ምሽት» ይባላል እንጂ የሚጀምረው ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። በኅዳር ወር ሚዛን ከተማ ላይ ሰው አምሽቶ ድራማ ያይልኛል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው። በየግቢው ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ሳይመሽ መሸፈን አለበት።

ፋናን ያስጨነቃት ግን ሰዓቱ አልነበረም፤ የትምህርት ቤቷ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ወልደጻድቅ ነበሩ። ጋሽ ወልደጻድቅ ማይክ እስኪጨብጡ ድረስ ደግ ሰው ናቸው። አምና «በአጭሩ» ብለው የጀመሩት የመክፈቻ ንግግር አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። የፋና እናት ወይዘሮ አሰጋሽ፣ ሚዛን ቤት ተከራይታ የምትማር ልጃቸው ያዘጋጀችውን ድራማ ሊያዩ ከሸዋ ቤንች ድረስ መጥተው፣ ንግግሩን ብቻ ሰምተው፣ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣቸው ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ ደውለው «ድራማሽ ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ግን ወሬ ያበዛል» አሏት። ፋና ከት ብላ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ ግን አለቀሰች።

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሌላ ዓመት የላትም። አራቱን አጫጭር ድራማዎች የምታስተባብረው እሷ ናት፤ የመጀመሪያውን የጻፈችውና ያዘጋጀችውም እሷው። ስለዚህ ዝግጅቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ጋሽ ወልደጻድቅ ሱቅ ሄዳ አንገቷን ደፋ አደረገች።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ንግግርዎን ድራማው ውስጥ አስገብተነዋል። የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ተዋናይ?» አሉ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «የማጠናው ነገር አለ?»

«ምንም የለም። እንደ ልማድዎ መናገር ነው።»

«ሰዓቱስ?»

«እርስዎን ማን ሰዓት ይገድብዎታል ጋሼ!»

ያልነገረቻቸው ነገር ቢኖር፣ አራት ደቂቃ እንደሞላቸው ዝናብ እንደሚመጣና ተሰብሳቢው ሁሉ ቡናውን ሊሸፍን ጥሏቸው እንደሚሮጥ ነው። እውነተኛው ድራማ ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

የዝግጅቱ ዕለት ጠዋት አዳራሹ ቀውጢ ሆነ። ወንበር ጎደለ፤ ከጎረቤት ተለመነ። ገበሬ ሆኖ የሚጫወተው ብሩክ የለጠፈው ጢም በሳቀ ቁጥር ይወድቃል። ፋና ግን ሌላውን ሁሉ ትታ የዝናቡ ድምፅ ላይ ሙጭጭ አለች። ጓደኛዋ ማርዋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ስታፈስ፣ ፋና «ይሄ በረዶ ነው» አለቻት። በጠጠሩ ፋንታ በቆሎ ሞከሩ። በቆሎው ላይ አሸዋ ጨመሩ፤ ቆርቆሮውን ዘንበል አደረጉ።

«ፋና፣ አሁንስ እጄ ዛለ!»

«አንዴ ብቻ። ካፊያው ይቅደም፤ ከዚያ ልቀቂው።»

በስድስተኛው ሙከራ የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ግቢ ያሰጡትን ልብስ ሊያነሡ ሲሮጡ ታዩ። ፋና በደስታ ዘለለች። ያኔ ነበር መንቃት የነበረባት፤ አልነቃችም።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወይዘሮ አሰጋሽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልደጻድቅ ማይኩን ጨበጡ፣ «በአጭሩ» አሉና ትምህርት ቤቱ ከተመሠረተበት ዘመን ጀመሩ። አራት ደቂቃ ሞላ። ፋና እጇን አነሣች።

ካፊያው ቀደመ። ከዚያ ማርዋ ለቀቀችው። ብሩክ ብድግ ብሎ «ዝናብ! ኧረ ቡናው!» ብሎ ጮኸ።

ተዋናዮቹ ሮጡ። ተመልካቹም ሮጠ። ወንበር ተገለባበጠ፣ በሩ ላይ ሰው ተጋፋ፣ አንዱ «ሸራውን! ሸራውን!» እያለ ልጁን በስልክ ይጮኽበታል። የምትደነቁት ግን ይህን ስትሰሙ ነው፦ ጋሽ ወልደጻድቅ ራሳቸው፣ ምንም ነገር አቋርጧቸው የማያውቀው ሰው፣ ድራማ ላይ መሆናቸውን እያወቁ፣ አማን ሰፈር ያሰጡት ቡና ትዝ ሲላቸው ማይኩን ወርውረው ከመድረክ ዘለሉ።

ፋና ቀና ስትል ሁለተኛው ረድፍ ባዶ ነው። እናቷም ሄደዋል። መድረኩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ተንኮሏ በገዛ ራሷ ላይ ዞረ፤ ዘንድሮም እማዬ ሳታይላት ቀረች።

ውጭ ግን ፀሐዩ ጠራራ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግቢው በሳቅ አውካካ። ሰዉ እርስ በርሱ እየተጠቋቆመ መመለስ ጀመረ። ወይዘሮ አሰጋሽ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

«ማን ነው ያዘነበው?»

«እኔ ነኝ እማዬ፤ ይቅርታ...»

«የኔ ቡና እኮ ሸዋ ቤንች ነው!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «በሩን ካለፍኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አንቺ ልጅ፣ እኔን እናትሽን አስሮጥሽኝ!» ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው መድረኩን ተደገፉ። ከዚያ የልጃቸውን እንባ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። «በይ፣ ቀሪውን አሳዪኝ።»

«መኪናው ያመልጥሻል።»

«ይሂድ! ካንቺ ጋር አድራለሁ።»

በዚህ መሃል ጋሽ ወልደጻድቅ እያለከለኩ ገብተው፣ ከወለል ላይ ማይኩን አንሥተው «እንግዲህ ቅድም ካቆምኩበት...» ሲሉ፣ ወይዘሮ አሰጋሽ ኮታቸውን ያዝ አደረጉ።

«ይቅርታዎን ጌታዬ፤ እዚህ አጠገቤ ይቀመጡ። አሁን የምትናገረው ልጄ ናት።»

ጋሽ ወልደጻድቅ ዙሪያውን አዩ። ሰዉ የወደቀ ወንበሩን እያነሣ ወደ ፋና ዞሯል። ማይኩን ለፋና ሰጥተው ተቀመጡ።