አሮጌው የትኛው ነው?

ሄለን «አጥፋ» የሚለውን ልትጫን ስትል ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቀችውም። ላታነሳው ነበር፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከማሽን ጋር ብቻ ስትጨቃጨቅ ስለዋለች ሰው ማናገር አማራት።

«የዊኪው ቢሮ ነው?» አለች አንዲት ሴት። ከኋላዋ በግ ይጮኻል። «ይርገዱ እባላለሁ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ከጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን። ምነው ጽሑፌን አጠፋችሁት?»

«አላጠፋንም፤ ሶፍትዌሩን እያሻሻልነው ስለሆነ ነው።»

«መሻሻሉስ ሸጋ ነበር፤ የኔ ግን ጭራሽ የለም!»

ዊኪው የደጋውና የቆላው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ያዩትን በሽታና የሞከሩትን መድኃኒት የሚጽፉበት፣ አንዱ የሌላውን የሚያርምበት ድረ ገጽ ነው። ጎንደር ተቀምጣ የምትጠብቀው ሄለን ናት። ሰሞኑን ሶፍትዌሩን በአዲስ ስትተካ የማዋቀሪያ ፋይሉ አብሮ ተደመሰሰ። ዊኪው ጽሑፎቹን ከየትኛው ዳታቤዝ እንደሚያነብ የሚያውቀው በዚያ ፋይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ገጹን በከፈተች ቁጥር «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላታል። የይለፍ ቃሉን ብትቀይር፣ የተጠቃሚውን ስም ብትቀይር፣ ወይ ፍንክች! ዛሬ ሰርቨሩን ስትበረብር ሁለት ዳታቤዞች አገኘች። የአንዱ ስም ላይ 2017፣ የሌላው ላይ 2023 ይላል። አዲሱን መረጠች፤ ዊኪው ተከፈተ፤ የሳንጃ ባለሙያዎች ጽሑፎችም ወጡ። ብቻዋን አጨበጨበች። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር የቀራት አሮጌውን ማጥፋት ነበር። አለቃዋ አቶ አንዱዓለምም በበሩ ብቅ እያሉ «አሮጌ አሮጌውን አጥፊና ገላግይን» ሲሏት ነው የዋሉት።

«መቼ ነበር የጻፉት?» አለች ሄለን።

«አምና ነዋ፣ በጉ እየሳለ ሲያልቅ! የትኛው መድኃኒት እምቢ እንዳለ፣ የትኛው እንዳዳነ አንድ በአንድ ጽፌው ነበር። ይኸው ዘንድሮ ደግሞ የአያ ቢያዝን በጎች ጀመራቸው። እሳቸውም አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። ወረቀቱን ተዉት፣ እዚህ ጻፉ ያላችሁን እናንተ!»

«ተገኘ ወይ?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

ሄለን ዊኪው ላይ «የበግ ሳል» ብላ ፈለገች፤ የለም። በአዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ ከሌለ የት ይኖራል? «ይርገዱ፣ አዝናለሁ፤ ምናልባት ጠፍቶ...»

«እንዴት ይጠፋል? በአሥራ ሰባት፣ በጥምቀት ሰሞን የጻፍኩት! ትናንት አይደል እንዴ?»

በአሥራ ሰባት። ሄለን የዳታቤዞቹን ስም እንደገና አየች።

ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ዓመቷ የፈረንጅ ነው፤ ከወንበሯ ስትነሳ ጾሟም፣ ዕድሜዋም፣ የቤት ኪራይዋም በሀበሻ ነው። 2017 ያለውን ዳታቤዝ የሰየመው ግን ከእሷ በፊት የነበረው ምናለ ነው። ምናለ ደግሞ ለማንም ማሽን ብሎ ዘመኑን የሚቀይር ሰው አልነበረም። ስንት ዓመት ያረጀ የመሰላት የአምናው ነው። አሮጌውስ የከፈተችው ነበር፤ 2023 ብለው በፈረንጅ የሰየሙት ከምናለ በፊት የነበሩት ናቸው፤ በሀበሻ አሥራ አምስት ገደማ መሆኑ ነው።

«አጥፋ» የሚለው ጥያቄ አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው። መስኮቱን ዘጋችው።

«ይርጌ፣ አለ! መልሼ እደውልልሻለሁ።»

«ቶሎ በይ እህቴ፤ በጉ ቀጠሮ አያውቅም!»

በማዋቀሪያው ፋይል ላይ 2023ን ወደ 2017 ለወጠች። ሌላ ስህተት መጣ፤ የዳታቤዙ ሰንጠረዦች ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር እንዲስማሙ መታደስ አለባቸው። ማደሱ የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው። ግን ቢበላሽስ? እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ መጀመሪያ ቅጂ ካልያዘች እንደማትነካው ወሰነች። ለቅጂው ደግሞ ቦታ የለም። ዲስኩን ማን እንደሞላው ስትፈትሽ ግማሹን የያዘ አንድ ፎልደር አገኘች፤ ከፈተችውና ሳቋ አመለጣት።

አቶ አንዱዓለም እንደ ልማዳቸው ብቅ አሉ። «አጠፋሽው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዲስኩን የሞላው ዊኪው አይደለም፤ የእርስዎ የሠርግ ቪዲዮ ነው።»

«እሱ እንኳ...» ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ «ለጊዜው ነው ያስቀመጥኩት።»

«ልጅዎ ቃልኪዳን አንደኛ ክፍል ገባች እኮ!»

አቶ አንዱዓለም ሳቁ። ከቦርሳቸው ትንሽ ሃርድ ዲስክ አወጡና «በይ ሙሽሪትን ቀስ አድርገሽ አውጪያት፤ አንድ ነገር ብትሆን ቤቴ አልገባም» አሉ።

ሠርጉ ወጣ፤ ቅጂው ተያዘ፤ እድሳቱ መሮጥ ጀመረ። ሄለን ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ሲያበቃ ገጹን ከፈተችው፤ «የበግ ሳል በጃናሞራ»፣ ከሥሩም የይርገዱ ስም። እንባዋ መጣ፤ አላፈረችበትም። ወዲያው ደወለች።

«አየሁት፣ አየሁት!» አለች ይርገዱ። «ይኸ ነው! አያ ቢያዝን፣ መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ በጎቹን ያስጠጓቸው!»

«ሸጋ! እመብርሃን ትባርክሽ በያት» አሉ ሽማግሌው።

አቶ አንዱዓለም ከኋላዋ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። «እንግዲያው አሮጌው 2023 ነዋ። አሁን እሱን አጥፊው።»

ሄለን ማውሱን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው።

«መጀመሪያ የጻፉበትን ሰዎች ልጠይቅ» አለችና ወደ ሳንጃ ባለሙያዎች ደወለች።