ጨረቃዋ ታይታ ነበር

ነይ እስኪ እህቴ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ። የአሰላዋን የፋናዬን ነገር ላጫውትሽ።

ፋናዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው የሰው ወለል እየወለወለች ነው። መጀመሪያ አንድ ሻይ ቤት ያዘች፣ ቀጥሎ ክሊኒክ፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤት ቢሮ። ሥራው ሲበዛባት ዘሀራን ቀጠረች። ዘሀራ ጣውላ በጆንያ ፈትጋ ሰም ስትቀባው ፊትሽን ታይበታለሽ። በዓልም ተካፍለው ነበር፤ በክርስቲያኑ በዓል ዘሀራ ትገባለች፣ በእስላሙ ፋናዬ። በዚህ ስሟ በቆጂ ድረስ ተሰማ። "ሰው ሳልጨምር ቤት አልጨምርም" ትል ነበር።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግን አቶ ገብረ መድህን የሚባሉ ሰው ከከተማው ወጣ ብለው፣ በበቆጂ መንገድ የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። "በዓል የለ ምን የለ፣ በየቀኑ ይጸዳልኝ" አሏት። ሰው እስክፈልግ ይታገሱኝ ማለት ሲገባት፣ ሌላ እንዳይቀድማት ፈርታ "እሺ" አለች።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል የህዳር ጽዮን ዋዜማ ሆነ። በማግስቱ ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡ ዘሀራ እዚያው ልታድር ተነሳች።

"እትዬ፣ ጨረቃ ከታየች ይላኩብኝ እሺ? እናቴ ያለኔ አትፈስክም።"

"ሳልልክብሽ ብቀር ጽዮን ትታዘበኝ!"

ማታ ፋናዬ ጧፍ ልትገዛ ሽኩር ሱቅ ሄደች። ሽኩር ሬዲዮኑን አቅፎ ይስቃል።

"እትዬ ፋናዬ፣ ምሥራች! ጨረቃ ታየች፣ ነገ ዒድ ነው። እኛና ጽዮን አንድ ቀን ዋልን! ጧፉን ዛሬ አብዝተው ይግዙ፣ ነገ ንጉሥ ቢመጣም አልከፍትም።"

"እንኳን አደረሰህ" አለችና ወጣች። እግሯ ወደ በቆጂ መንገድ ዞሮ ነበር፣ ቆመ። ለዘሀራ ብትነግራት ነገ ሰም የምትቀባው ራሷ ፋናዬ ናት። ልጇ ከመኪና አደጋ የተረፈ ጊዜ ለጽዮን የተሳለችው ጃንጥላ ደግሞ ቤት ተቀምጧል። "ግማሽ ቀን ናት፣ ኋላ ትደርስበታለች" ብላ ቤቷ ገባች።

ጠዋት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ጃንጥላዋን ይዛ ቆማ ሳለ፣ ከታች ከመስጊዱ "አላሁ አክበር" የሚለው ድምፅ መጣ። ሴቶቹ እልል ሲሉ እሷ ወደ መስጊዱ ዞረች። በዚህ ቀን መጾም ለዘሀራ ኃጢአት ነው፤ እሷ ግን ሆዷ ባዶ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ትፈትጋለች። ፋናዬ ትናንት የማለችው መሐላ ትዝ አላት። ጃንጥላውን ለዲያቆኑ አስረክባ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣች።

ዘሀራን እንግዳ ማረፊያው ሳሎን ውስጥ አገኘቻት፣ ከንፈሯ ደርቋል።

"ዘሁዬ፣ ተነሽ። ዒድ ነው።"

"ዛሬ?" ጆንያውን ለቀቀችው። "ሽኩር አሁን ነገረዎት?"

ያቺ ልጅ መውጫ ሰጠቻት። ፋናዬ ግን አልወጣችበትም።

"የለም። ትናንት ማታ፣ ጧፍ ስገዛ ነገረኝ።"

"እኔ ደግሞ ደመናውን ሳይ አመሸሁ። እትዬ ካልላኩ አልታየችም ማለት ነው ብዬ ጾም ያዝኩ። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ አንድ ቀን ቀርቼብዎት አውቃለሁ?"

"አታውቂም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"ዛሬ ይቅር አልልም፣ እትዬ። በዓል ነው፣ ውሸት አልናገርም።"

ከበርሜሉ ውሃ ቀድታ ቆማ ጠጣችና ወደ እናቷ ሄደች። ፋናዬ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ግማሹ ወለል ያበራል፣ ግማሹ ዳልቻ ነው። ስትፈትግ ዋለች።

ማታ ለአቶ ገብረ መድህን "ሰው እስካገኝ በበዓል ቀን አንገባም" አለቻቸው። ቤቱን ለሌላ ሰጡባት። ኋላ ኢፍቱ የምትባል ጎበዝ ስትገኝ ነው ሌላ ቤት የያዘችው፤ ከዚያም ሰው ሳትጨምር አንድ ቤት አልጨመረችም።

ዘሀራ በዓሏን ውላ ተመለሰች። እንደ ድሮው ትሠራለች፣ ትስቃለችም። ረመዳን ሲያልቅ ግን ሽኩር ሱቅ በር ላይ ራሷ ቆማ ሬዲዮ ትሰማለች። ፋናዬን አትጠይቅም።

እህቴ፣ ቤትሽ የምትሠራልሽ ልጅ ካለች፣ በዓሏ መቼ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂያት፣ እባክሽ።